እጅ የበዛበት ግጥም፦ ኤሚሊ ዲክንሰንና ወረቀቶቿን የተሻሙ ሰዎች

የአሜሪካዊቷን ገጣሚ የኤሚሊ ዲክንሰንን ስመ ጥር የሞት ግጥም በስልኩ የሚፈልግ አንባቢ ሁለት ዓይነት ግጥም ያገኛል። አንዱ አምስት አንጓ አለው፤ ሌላው ስድስት። አንዱ «ሠረገላው» የሚል ርእስ ተሰጥቶታል፤ ስንኞቹ በወጉ ቤት ይመታሉ፤ ሥርዓተ ነጥቡም ታርሟል። ሌላው ርእስ የለውም፤ በነጠላ ሰረዝ ፋንታ በየስንኙ አጫጭር ጭረቶች ተጋድመውበታል፤ ቤት ይመታል ብለን የጠበቅነው ስንኝም ሳይመታ ያልፋል። ከሁለቱም ሥር ያለው ስም ግን አንድ ነው። በነፃ ለሚያነብ ሰው በቀላሉ የሚደርሰው ደግሞ የመጀመሪያው፣ ማለትም ገጣሚዋ በዚያ መልክ ያልጻፈችው ነው።

ዲክንሰን የሞተችው በ1886 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁንና ግጥሞቿ በምን መልክ መታተም እንዳለባቸው፣ የማሳተም መብቱ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ወረቀቷ ግጥም የትኛው ደብዳቤ እንደሚባል የሚደረገው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። በ2024 የወጣው አዲስ የደብዳቤዎቿ እትም እንደገና ቀስቅሶታል። በተለምዶ የሚነገረን ነጭ ለብሳ ከሰው ተደብቃ የኖረች የአንዲት ምስኪን ታሪክ ነው። እኔ እንደማየው ግን ከዚያ ይበልጥ የሚያስተምረው ከሞተች በኋላ በወረቀቶቿ ላይ የሆነው ነው፤ የምናውቃት ገጣሚ በብዙ ሰው እጅ አልፋ የመጣች ናትና።

ከግጥሙ እንጀምር። ተናጋሪዋ ሥራ ይዟት ለሞት መቆም አልቻለችም፤ ሞት ግን ጨዋ ነውና እርሱ ራሱ ቆሞ በሠረገላው አሳፈራት። አብሯቸው የተሳፈረው ዘላለማዊነት ብቻ ነው። ሠረገላው አይቸኩልም። ልጆች ያሉበትን ትምህርት ቤት አለፉ፤ የደረሰ ሰብል ያለበትን ማሳ አለፉ፤ የምትጠልቀውን ፀሐይ አለፉ። እዚህ ላይ ገጣሚዋ ራሷን ታርማለች፤ «ወይም ይልቁን ፀሐይዋ ነበረች ያለፈችን» ትላለች። ጤዛው ይቀዘቅዛል፤ ያንቀጠቅጣል። ተሳፋሪዋ የለበሰችው ብርድ የማይመክት ስስ ቀሚስ ነው፤ ትከሻዋ ላይ የጣለችውም ከዚያ የማይሻል ስስ ጨርቅ። ከዚያ በኋላ ከመሬት ትንሽ እብጥ ያለ ቤት ፊት ይቆማሉ።

በ1890 የመጀመሪያው መጽሐፏ ሲታተም ያ ራሷን የምታርምበት የብርዱ አንጓ ወጥቶ ተጣለ። አንባቢው ምን እንዳጣ ልብ በሉ። አንጓው ባለበት ግጥም ተሳፋሪዋ የምትሄደው እርሷ ሳትሆን ፀሐይዋ እንደሆነች፣ እርሷ ግን እንደቆመች፣ ልብሷም የሠርግ ይሁን የመግነዝ እንደማይታወቅ ድንገት ይገለጥላታል። አንጓው ሲወጣ ግጥሙ ከጨዋ ሰው ጋር የተደረገ ደስ የሚል የምሽት ሽርሽር ሆነ፤ ለሐዘንተኛ ቤት የሚስማማ ማጽናኛ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በእጅ ጽሑፉ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ክብ ሠርተው ይታገላሉ፤ ስንኙ የሚያልቅበት ቃል ከፀሐይዋ ስንኝ ጋር ቤት አይመታም። አርታኢዎቹ ቤት ለማስመታት ሲሉ ልጆቹን «ትምህርታቸውን ገና እንደጨረሱ የሚጫወቱ» አደረጓቸው። የሕፃናት ትግል ወደ ጨዋታ ተለወጠ፤ ግጥሙም አማረ። በእንዲህ ዓይነት ማማር ብዙ ነገር ይጠፋል።

ኤሚሊ ዲክንሰን ዲሴምበር 10 ቀን 1830 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ አምኸርስት በምትባል ከተማ ተወለደች። አያቷ የአምኸርስትን ኮሌጅ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበር። አባቷ ኤድዋርድ ጠበቃ፣ የኮሌጁ ገንዘብ ያዥ፣ ለአንድ የምርጫ ዘመንም የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሆኖ አገልግሏል። ልጅቱ ጥሩ ትምህርት አግኝታለች፤ በአቅራቢያው በነበረው የማውንት ሆልዮክ የሴቶች ሴሚናሪም ለአንድ ዓመት ያህል ተምራለች። ሴሚናሪው ተማሪዎቹን በእምነታቸው ይመድብ ነበር፤ እምነታቸውን የመሰከሩ፣ ተስፋ ያላቸው፣ ተስፋ የሌላቸው እየተባለ። ኤሚሊ ከመጨረሻው ምድብ አልወጣችም። በዙሪያዋ ሁሉም ሰው በመንፈሳዊ መነቃቃት ሲማረክ የ17 ዓመት ልጅ ሆና «እኔ አላመንኩም» ብሎ መቀመጥ ቀላል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሕይወቷ በአመዛኙ በአባቷ ቤትና በአትክልት ቦታው ውስጥ ያለፈ ነው። በ1856 በከተማው የከብትና የእርሻ ትርኢት ላይ በአጃና በበቆሎ ዳቦዋ ሁለተኛ ሽልማት አግኝታለች። በልጅነቷ ከ400 በላይ ዕፅዋት አድርቃ፣ ስማቸውን ጽፋ በአንድ ትልቅ መዝገብ ለጥፋለች። ከ30ዎቹ ዕድሜዋ ወዲህ ከቤት መውጣቷን እየቀነሰች መጣች፤ በ1869 ለአንድ ወዳጇ «ከአባቴ ግቢ ወደ ማንም ቤት፣ ወደ የትም ከተማ አልሻገርም» ብላ ጻፈች። እውነት ነው፣ ተገልላለች። ነገር ግን ግቢው ዓለም የማይገባበት አልነበረም። ጋዜጣና መጽሔት በየጊዜው ይመጣል፤ ቤቱ የአንድ ፖለቲከኛ ቤት ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሁሉ ታውቃለች። ከግጥሞቿ ብዙው የተጻፈው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዓመታት ነው። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ልጅ ፍሬዘር ስተርንስ በ1862 በጦር ሜዳ ሲወድቅ ሐዘኑ በቀጥታ ቤታቸው ገብቷል። በ1864 ደግሞ ለሰሜኑ ጦር ቁስለኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ በብሩክሊን ይታተም በነበረ ጋዜጣ ላይ ሦስት ግጥሞቿ ወጥተዋል፤ ይህ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በሕይወት ሳለች የታተመላት ግጥም አሥር ያህል ብቻ ነው፤ ሁሉም ያለ ስሟ። አንዱ ያለ ስም ከሌሎች ገጣሚያን ሥራ ጋር በ1878 ሲወጣ አንዳንድ አንባቢዎች ዝነኛው ገጣሚ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን የጻፈው መስሏቸው ነበር። እርሷ ራሷ በማሳተም ላይ ምን አቋም እንደነበራት በአንድ የእባብ ግጥም ዕጣ ማየት ይቻላል። በ1866 «ስፕሪንግፊልድ ሪፐብሊካን» የተባለው ጋዜጣ ሳያስፈቅዳት አተመው፤ «እባቡ» ብሎ ርእስ ሰጠው። ርእሱ ራሱ ጥፋት ነው፤ ገጣሚዋ «እባብ» የሚለውን ቃል በግጥሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አላነሳችም፤ አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት ነበር የፈለገችው። እርሷን የቆጠቆጣት ግን ሌላ ነው። ሦስተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ «ሳታገኙት ቀርታችሁ እንደሆነ» ያለችው ሐረግ ከአራተኛው ስንኝ ጋር ተያይዞ «ብቅ የሚለው በድንገት ነው» ወደሚለው እንዲንሸራተት ፈልጋለች። ጋዜጣው በመካከሉ ምልክት አስገብቶ ቆረጠው፤ ሐረጉም «አላገኛችሁትም እንዴ?» የሚል ተራ ጥያቄ መሰለ። «ተሰረቅሁ» አለች በደብዳቤዋ፤ ሦስተኛው ስንኝም በሥርዓተ ነጥብ እንደተሸነፈባት ገለጸች። በአንዲት ምልክት ይህን ያህል የምትቆረቆር ሴት ግጥሟ በማንም እጅ እንዲታረም ትፈቅዳለች ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ይህን ደብዳቤ የተቀበለው ሰው ቶማስ ዌንትወርዝ ሂጊንሰን ነበር። ሂጊንሰን በዚያ ዘመን የታወቀ ጸሐፊ፣ የባርነት ተቃዋሚ፣ የሴቶች መብት ደጋፊ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜም ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር ወታደሮችን ክፍለ ጦር በኮሎኔልነት መርቷል። በ1862 በአንድ ታዋቂ መጽሔት ላይ ለጀማሪ ጸሐፍት ምክር ጽፎ ሲወጣ ዲክንሰን አራት ግጥሞች ልካ «ግጥሜ ሕያው ነው ወይ?» ስትል ጠየቀችው። ደብዳቤውን አልፈረመችበትም፤ ስሟን በትንሽ ካርድ ጽፋ በሌላ ፖስታ ውስጥ አሽጋ አስቀመጠችው። ለማሳተም አትቸኩይ ቢላት ማሳተም ከሐሳቧ ሰማይ ከዓሣ ክንፍ የሚርቀውን ያህል የራቀ መሆኑን መለሰችለት። የዘመኗን ሌላ ታላቅ ገጣሚ ዋልት ዊትማንን አንብባው እንደሆነ ሲጠይቃት ደግሞ መጽሐፉን እንዳላነበበች፣ ነውረኛ መሆኑን ግን እንደሰማች ነገረችው። የአሜሪካን ግጥም የቀየሩት ሁለት ሰዎች አንዱ በራሱ ገንዘብ በ1855 መጽሐፉን አሳትሞ በራሱ ብዕር ሳይቀር ሲያሞግስ፣ ሌላዋ ስሟን በፖስታ ውስጥ ፖስታ አድርጋ ትደብቃለች።

ተደበቀች ይባል እንጂ እርሷ የራሷ የኅትመት መንገድ ነበራት። ከ1858 እስከ 1864 ባለው ጊዜ ግጥሞቿን በጥራት ገልብጣ፣ ወረቀቶቹን ደርድራ፣ በጎን በመርፌ በስታ በክር አስራ 40 ጥራዞች አዘጋጅታለች። በእነዚህ ውስጥ ከ800 በላይ ግጥሞች አሉ። በደብዳቤም ታሰራጭ ነበር፤ ለሂጊንሰን መቶ ያህል ግጥሞች ልካለች። ከማንም በላይ የላከችው ግን ለወንድሟ ለኦስቲን ሚስት፣ አጠገቧ ባለው ቤት ለምትኖረው ለሱዛን ጊልበርት ዲክንሰን ነው፤ ከ250 በላይ። ሱዛን አንዳንዱን ግጥም እያነበበች አስተያየት ትሰጥ፣ ገጣሚዋም አንጓ እየቀየረች ደጋግማ ትልክላት ነበር። እንግዲህ አንባቢ የሌላት ጸሐፊ አልነበረችም፤ አንባቢዎቿን ራሷ ትመርጥ ነበር።

በሜይ 15 ቀን 1886 በ55 ዓመቷ አረፈች። የሬሳ ሣጥኗን የተሸከሙት ቤተሰቡን ያገለገሉ አየርላንዳውያን ሠራተኞች ናቸው፤ ይህን ያዘዘችው ራሷ ነበረች። ደብዳቤዎቿ እንዲቃጠሉ አዝዛ ስለነበር እህቷ ላቪኒያ የተላኩላትን ደብዳቤዎች አቃጠለች። ስለዚህ ዛሬ የምናነበው የአንድ ውይይት አንድ ወገን ብቻ ነው። ላቪኒያ ስትፈትሽ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ወጣ፤ በክር የታሰሩት ጥራዞችና ብዙ ልቅ ወረቀት። በዛሬ ቆጠራ ግጥሞቿ 1,789 ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አበዛኸው ይባል ነበር። ላቪኒያ ወረቀቶቹን በመጀመሪያ ለሱዛን ሰጠች። ሱዛን በዝግታ ስትይዘው ትዕግሥቷ አለቀና ወደ ሜብል ሉሚስ ቶድ ወሰደቻቸው። ሜብል የኮሌጁ የሥነ ፈለክ መምህር ሚስት ናት፤ ብልህ፣ ባለ ብዙ ሙያ፣ ባለ ትልቅ ምኞት ሴት። ኤሚሊን ፊት ለፊት አይታት አታውቅም፤ ሳሎን ውስጥ ፒያኖ ስትጫወት ገጣሚዋ ከውጭ ሆና ታዳምጣት ነበር። ከዚህም በላይ ሜብል ከ1882 ጀምሮ የኦስቲን፣ ማለትም የሱዛን ባል ውሽማ ነበረች። እንግዲህ ግጥሞቹ ከሚስት እጅ ወጥተው ወደ ውሽማ እጅ ገቡ። ግጥሞቹን ከሁሉ ይበልጥ የምታውቀው ሱዛን ነበረች፤ መጽሐፉ ሲወጣ ግን ስሟ አልተነሳም።

ሜብል የሠራችው ሥራ ግን ቀላል አይደለም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። የዲክንሰን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ የሚያታክት ነው፤ ሜብል በመቶዎች የሚቆጠሩ ግጥሞችን ገለበጠች። ሂጊንሰንን አግባብታ አብሯት እንዲያርም፣ መቅድም እንዲጽፍ አደረገች። አሳታሚው፣ የቦስተኑ ሮበርትስ ብራዘርስ፣ ስላላመነበት የማተሚያ ሰሌዳውን ወጪ ላቪኒያ ትክፈል አለ። መጽሐፉ በኖቬምበር 1890 ወጣና ሁሉም ተገረመ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ታተመ። ሂጊንሰንና ሜብል ግጥሞቹን ባያለሰልሷቸው ኖሮ ያ ዘመን ይቀበላቸው ነበር ወይ? አይመስለኝም። ስለዚህ አርታኢዎቹን እንደ ወንጀለኛ መቁጠር አልችልም። የጸጸተኝ ሌላ ነው፤ ያለሰለሱት ግጥም ለ65 ዓመት እውነተኛው ተደርጎ መኖሩ ነው።

ከቃላቱ በላይ ደግሞ ሴትየዋን ራሷን አለሰለሷት። ስለ ማዕበልና ስለ መርከብ፣ በአንዲት ሰው «ባሕር» ላይ መልሕቅ ስለ መጣል የሚናገር አንድ የፍትወት ግጥም አላት። ሂጊንሰን በ1891 ይህን ለማተም ፈራ፤ ክፉ ሰዎች ያቺ ድንግል ባሕታዊት ከቶ ያላሰበችውን ያነቡበታል ብሎ ነበር ስጋቱ። ገጣሚዋ ያላሰበችው መሆኑን በምን አወቀ? ነጭ ልብሱ፣ የተዘጋው በር፣ ድንግልናው፣ ሁሉም ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ተሸጠ። ነጭ ቀሚስ መልበሷ እውነት ነው፤ ከቀሚሶቿ አንዱም ዛሬ ድረስ አለ። ግን ቀሚሱ ከግጥሙ በልጦ ሲታወስ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህ ዛሬም አልቀረም። በ2024 አንድ የዘር ሐረግ የሚያጠና ድርጅት ድምፃዊቷ ቴይለር ስዊፍት የዲክንሰን የሩቅ ዘመድ ናት ብሎ ባወጀ ጊዜ ዜናው ከየትኛውም የግጥም ጥናት ይልቅ ዓለምን አዳረሰ።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንሂድ። ኦስቲን በ1895 ሲሞት ለሜብል ቃል የገባላት ቁራሽ መሬት ነበር። ላቪኒያ የስም ማዛወሪያውን ፈረመች፤ ከዚያ ተታልዬ ነው የፈረምኩት ብላ ከሰሰች። በ1898 ላቪኒያ ረታች። ሜብል ተናዳ በእጇ የቀሩትን የእጅ ጽሑፎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ ሣጥኑ ለ30 ዓመት ያህል ሳይከፈት ኖረ። የአንዲት ገጣሚ ሥራ በቁራሽ መሬት ጠብ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ጠቡ ወደ ልጆቻቸው ተላለፈ። የሱዛን ልጅ ማርታ ዲክንሰን ቢያንኪ በእናቷ በኩል የቀረውን ከ1914 ጀምሮ አሳተመች፤ የሜብል ልጅ ሚሊሰንት ቶድ ቢንግሃም የሣጥኑን ግጥሞች በ1945 አወጣች። በመጨረሻ የአንዱ ወገን ወረቀቶች በ1950 ተገዝተው ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሰጡ፤ የሌላው ወገን ወረቀቶች ለአምኸርስት ኮሌጅ። እስከ ዛሬም በሁለት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው።

በዚህ መካከል በሱዛን ላይ የተሠራው ነገር ይበልጥ ያሳዝናል። ኤሚሊ ለሱዛን የጻፈችው አንድ ግጥም አለ፤ በቤታችን አንዲት እህት አለችኝ፣ አንዲት ደግሞ ከአጥር ማዶ ትላለች። በጥራዙ ውስጥ ያለው ይህ ግጥም በቀለም ተደምስሷል፤ ስንኝ በስንኝ። ተሰርዞም ጽሑፉ በሌላ ቅጂ ስለተረፈ እናውቀዋለን። በደብዳቤዎች ላይም የሱዛን ስም የተፋቀባቸው ቦታዎች ተገኝተዋል። ማን እንደፋቀው ምሁራን የየራሳቸው ግምት አላቸው፤ ኦስቲንና ሜብል ብዙ ጊዜ ይጠረጠራሉ። ሱዛን ከታሪኩ ስትወጣ የቀረችልን ብቸኛዋ፣ ወዳጅ አልባዋ ኤሚሊ ናት።

ቶማስ ጆንሰን የተባለ ምሁር በ1955 ሁሉንም ግጥሞች ከእጅ ጽሑፎቹ ጋር አስተያይቶ በሦስት ቅጽ ሲያሳትም ገጣሚዋ እንደ አዲስ ተወለደች። ጭረቶቿ ተመለሱ፤ ያለ ቦታቸው የሚመስሉት ትላልቅ ፊደላት ተመለሱ፤ የተጣሉት አንጓዎች ተመለሱ። እዚህ ላይ ስለ ስልቷ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ግጥሞቿ በአብዛኛው በልጅነቷ በቤተ ክርስቲያን በሰማችው የእንግሊዝኛ መዝሙር ልክ የተለኩ ናቸው፤ ስምንት ቀለም፣ ስድስት ቀለም፣ ስምንት፣ ስድስት። ብዙዎቹን «አሜዚንግ ግሬስ» በሚባለው መዝሙር ዜማ መዘመር ይቻላል፤ ሞክሩት፣ ይሠራል። በዚህ ምእመናን በሚያውቁት፣ በሚያጽናና ልክ ውስጥ ግን የምትናገረው ስለማያጽናና ነገር ነው። ቤት አመታቷም እንዲሁ። በአማርኛ ግጥም አንዱ ስንኝ በ«ለ» ካለቀ ሌላውም በ«ለ» እንዲያልቅ እንጠብቃለን። ዲክንሰን ግን አንዱን በ«ለ»፣ ሌላውን በ«ሎ» እንደመጨረስ ያለ ነገር ታደርጋለች፤ ድምፁ ሊገጥም ይቃረብና ይስታል። የ1890ዎቹ አርታኢዎች ይህን የሙያ ጉድለት አድርገው አረሙት። ጉድለት አልነበረም፤ ስለ ሞትና ስለ እምነት እርግጠኛ ያልሆነች ሴት ልቧን የምታሰማበት ድምፅ ነበር።

ስለ ተጽዕኖዋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ የ1955 መስመር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አንባቢዎች የተማሩት ከአንዲት ዲክንሰን ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ከሌላዋ። ገጣሚው ሃርት ክሬን ግጥም የጻፈላት ገና በለሰለሰው እትም ዘመን ነበር፤ አቀናባሪው አሮን ኮፕላንድም 12 ግጥሞቿን በ1950 በሙዚቃ ሲያወጣ የነበረው የታረመው ጽሑፍ ነው። ጭረቱን እንደ ትንፋሽ፣ ባዶውን ቦታ እንደ ንግግር ያነበቡት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ገጣሚዋ ኤድሪየን ሪች በ1970ዎቹ ባቀረበችው ዝነኛ ድርሰት ይህቺ ሴት የተገለለችው ከድካም ሳይሆን ከኃይል፣ ምን ዓይነት አቅም እንዳላት ከማወቅ እንደሆነ ተከራከረች፤ ሌላዋ ገጣሚ ሱዛን ሃው በ1985 ስለ እርሷ መጽሐፍ ጻፈች፤ ገጣሚው ፓውል ሴላን ወደ ጀርመንኛ መለሳት። ከግማሹ ቃል ላይ የሚያቆመው፣ ለአንባቢው የማያብራራው፣ በአሥር ስንኝ ብዙ የሚሸከመው የዘመናችን አጭር ግጥም ከእርሷ ብዙ ተምሯል። ያኔ ነውር የተባለው ሁሉ አሁን የሙያ ምልክት ሆኗል።

ይሁንና ጆንሰንም አርታኢ ነው፤ ከእርሱ በኋላ በ1998 የመጣው ራልፍ ፍራንክሊንም እንዲሁ። ዲክንሰን በጥራዞቿ ውስጥ በአንዳንድ ቃላት ላይ ትንሽ የመደመር ምልክት ታደርግና ከገጹ ግርጌ ሌላ አማራጭ ቃል፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ቃላት ትጽፋለች። ከአማራጮቹ የትኛውን እንደመረጠች አልተናገረችም። የሚታተም መጽሐፍ ግን አንድ ቃል መምረጥ ግዴታው ነው፤ ስለዚህ ምሁሩ መረጠላት። ይህን ሰምና ወርቅ ብሎ ለማለፍ ያምራል፤ ግን አይደለም። በሰምና ወርቅ ውስጥ ወርቁን የሚያውቅ ባለቅኔ አለ፤ እዚህ ግን ባለቤቷ ራሷ ያልወሰነችው ግጥም ነው ያለው። ክሪስታን ሚለር በ2016 ያዘጋጀችው እትም አማራጮቹን ከግጥሙ ጎን ማሳየቱ ለእኔ እስካሁን ከሁሉ ታማኝ መንገድ ነው። በኋለኛ ዕድሜዋ ደግሞ በተቀደደ ፖስታ ላይ፣ በቸኮላት መጠቅለያ ጀርባ ላይ የጻፈቻቸው አሉ፤ ስንኙ የሚታጠፈው ወረቀቱ ስላለቀ ይሁን እርሷ ስለፈለገች መለየት የሚቻለው ወረቀቱን ራሱን በማየት ብቻ ነው።

ከ2013 ጀምሮ ወረቀቶቹን ማየት ይቻላል። በሃርቫርድ መሪነት የተከፈተው የዲክንሰን የበይነ መረብ ማኅደር የእጅ ጽሑፎቹን ፎቶ ለሁሉም አቅርቧል፤ አምኸርስት ኮሌጅም የራሱን ክምችት በነፃ ለቋል። ፎቶው ነፃ ሲሆን የታተመው ንባብ ግን ነፃ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው የቆየ መጽሐፍ የማንም አይደለም፤ ማንም ሊያባዛው ይችላል። የ1890ዎቹ የታረሙ እትሞች በዚህ ሥር ይወድቃሉ። የጆንሰን የ1955 ንባብ ግን እንደ አዲስ ኅትመት ስለሚቆጠር የቅጂ መብቱን ሃርቫርድ ይዞታል፤ የ95 ዓመቱ ጥበቃ የሚያበቃው በ2050 መጨረሻ ነው። የፍራንክሊን ደግሞ ከዚያም በኋላ። በሕይወቷ ከግጥሟ አንድ ሳንቲም ያላገኘች፣ በ1886 የሞተች ሴት በ1860ዎቹ በእጇ እንደጻፈችው ለማሳተም ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ለምሁራን ሥራ ገንዘብ ማውጣቱ አይካድም፤ ውጤቱ ግን ገንዘብ ለሌለው አንባቢ የተበላሸው ግጥም፣ ገንዘብ ላለው ጤነኛው ግጥም መሆኑ ነው። ነፃ የመጻሕፍት ድረ ገጾች አሁንም «ሠረገላው»ን የሚያቀርቡት ለዚህ ነው፤ አስተማሪዎችም ከዚያ ገልብጠው ለተማሪ ያድላሉ።

የ2024ቱን የደብዳቤ እትም ያዘጋጁት ክሪስታን ሚለርና ዶናል ሚቸል ናቸው፤ 1,304 ደብዳቤዎች አሉት፤ ከቀድሞው የ1958 እትም ወዲህ የመጀመሪያው ሙሉ ሥራ ነው። ወደ 300 የሚጠጉት በቀድሞው ስብስብ ያልነበሩ ሲሆኑ ከእነዚህ ውስጥ ከ200 በላይ የሚሆኑት ምንም ዓረፍተ ነገር ሳይታከልባቸው ለአንድ ሰው የተላኩ ግጥሞች ናቸው። አዘጋጆቹ ደብዳቤ ብለው ቆጠሯቸው። ተቃዋሚዎች ግጥም ሁልጊዜ ግጥም ነው፣ በፖስታ መሄዱ ደብዳቤ አያደርገውም ይላሉ። እኔ ወደ አዘጋጆቹ አደላለሁ። ለጎረቤት ከአበባ ጋር የተላከ አራት ስንኝ፣ የተቀባዩ ስም ተቆርጦለት በመጽሐፍ ሲታተም ስለ ዘላለም የተነገረ ይመስላል፤ ስሙ ሲመለስለት ግን ስለ አንድ ሐዘን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ለአንድ ሰው የተባለ መሆኑ ይታያል። የሱዛን ስም በተፋቀባቸው ወረቀቶች ላይ ደግሞ ይህ ልዩነት የአመዳደብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ዲክንሰንን አሁን መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ከሁለት አንዱን ነው። መጽሐፍ መግዛት የሚችል የሚለርን የ2016 እትም ይግዛ። የማይችል በነፃ ከሚገኙት የታረሙ ግጥሞች አንዱን ይያዝና በሃርቫርድ ወይም በአምኸርስት ማኅደር የዚያኑ ግጥም የእጅ ጽሑፍ ከጎኑ ከፍቶ ስንኝ በስንኝ ያስተያይ። የእጅ ጽሑፏ በመጀመሪያ ያስቸግራል፤ ፊደሎቿ በሰፊው ተራርቀው ስለሚቀመጡ ቃል ከቃል መለየት ጊዜ ይወስዳል። አምስትና ስድስት ግጥም ካለፈ በኋላ ግን ዓይን ይለምደዋል፤ አርታኢው የት ላይ ጣልቃ እንደገባም ማንም ሳይነግር መታየት ይጀምራል።